ቃሬዛ በለቅሶው ሜዳ

ኤርጫፎ ከጨንቻ በላይ ባለው ደጋ ሠላሳ ዓመት ቃሬዛ ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ምጥ የጠናባት፣ ጣሪያ ሲከድን የወደቀው ሁሉ በእሱ ትከሻ ወደ መኪና መንገድ ወርዷል። ግትርነቱ ግን ለጉድ ነው። በሕይወት ያለ ሰው የተኛበትን ቃሬዛ፣ አገሩ ሬሳ አሳርፎ በሚያለቅስበት በለቅሶው ሜዳ አያሳልፍም፤ ግማሽ ሰዓት ቢያስረዝምበትም በገደሉ ጥግ ይዞራል። «ወንጌል የተቀበለ ሰው ይህን ይፈራል?» እያሉ ሲያሾፉበት፣ «እዚያ የሚተኛ የሚለቀስለት ብቻ ነው» ብሎ ይዘጋቸዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። በሐምሌ፣ ናዳ መንገዱን በቆረጠ ማግስት የገዛ ልጁ ሰሊሆም ምጥ ላይ ሳለች ደም ይፈሳት ጀመር። ነርሷ ዮርዳኖስ ስልክ ስትደውል ቆይታ መጣች።

«ጋሽ ኤርጫፎ፣ ከአርባ ምንጭ ሄሊኮፕተር ይመጣልናል። ግን ሰፊና ደልዳላ ቦታ ይፈልጋል።»

በዚያ ተራራ ደልዳላ ቦታ አንድ ብቻ ነው። እሱም የለቅሶው ሜዳ። ቢሆንም ልጁ ናት፤ ኤርጫፎ ከሚስቱ ከሣራና ከጎረቤቶቹ ጋር ቃሬዛውን አነሣ።

ጉሙ ገለጥ ሲል ሰሊሆም በሜዳው መካከል ተኝታ ታየች። ለማዶ መንደሮች ነገሩን የነገራቸው አልነበረም፤ ቃሬዛ እዚያ ካረፈ ደግሞ «ሞቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከየኮረብታው ሰው ወርዶ የሜዳውን ዳር ሞላው። ሴቶቹ አባቷን አይተው ማን መሆኗን ዐወቁ፤ ደረታቸውን እየመቱ ስሟን ይጠሩ ጀመር።

«አባዬ፣ የኔን ስም ነው የሚጠሩት?»

ኤርጫፎ ጆሮዋን በመዳፎቹ ሸፈነ። በዕድሜው እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

ሄሊኮፕተሩ ሳሩን እያስተኛ አረፈ። ለቀስተኛው ንቅንቅ አላለም፤ ድምፁ በሞተሩ ቢዋጥም አፉ ሁሉ ይንቀሳቀስ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ሰሊሆምንና ዮርዳኖስን ይዞ ጉሙ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ሲርቅ ስሟ እንደገና ተሰማ።

«አልሞተችም» አለ ኤርጫፎ።

«የወጣ ለቅሶ ባዶውን አይመለስም» አሉ አልቃሿ አሮጊት ዓለምጸሐይ፣ ረጋ ብለው። «ለማን እናልቅስ?»

ኤርጫፎ ባዶውን ቃሬዛ አየ። ጫማውን አውልቆ ተጋደመበት።

«ለእኔ።»

ዓለምጸሐይ ለአፍታ አዩትና የእሱን ስም ጠርተው ጀመሩ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ዮርዳኖስ ደወለች። ሰሊሆም ተርፋለች፤ ወንድ ልጅም ወልዳለች። ኤርጫፎ ከቃሬዛው ቀና ብሎ፣ እየሳቀም እያለቀሰም፣ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ሴቶቹ «ተመስገን» አሉ። ከዚያ ወደ ሣራ ዞረው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሏት።