የአስኮዋ ሴት ድንች

አየር ጤና ካለው ሱቄ ፖሊሶች ሲወስዱኝ የመበየጃ ካውያው ገና አልቀዘቀዘም ነበር። ስልክ እጠግናለሁ፤ ቻርጀርም፣ ስፒከርም፣ የመጣልኝን ሁሉ። ለማን እንደምጠግን ጠየቁኝ። ለመጣ ሁሉ አልኳቸው። መልሴ አልጣማቸውም።

ያስገቡን እዚያው ኮልፌ ውስጥ፣ ቀድሞ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ፖሊስ ጣቢያው ሞልቷል ተባልን። ወለሉ ቢጠረግ ቢጠረግ አቧራው አያልቅም፤ ሁላችንም እናስል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ወደ እኛ የዞረች አንዲት ካሜራ አለች። ሴቶች ብቻ ነበርን። የታሰራችሁት በፖለቲካ ነው ብለውናል፤ በየትኛው ፖለቲካ እንደሆነ ግን የነገረን የለም።

ምሳ ሰዓት ላይ የምትጠብቀን ፖሊስ በር ላይ ቆማ ስንቅ የመጣላቸውን ሴቶች ስም ትጠራለች። የተጠራችው ተነስታ ትቀበላለች፤ ከዚያ ሁሉም ሳህን መሀል ይቀመጥና አብረን እንበላለን። ጠያቂ የሌላት ሴት አትራብም። ስሟ ግን አይጠራም።

የእኔ ስም አይጠራም ነበር። ባለቤቴ ዓለም ባንክ ሰፈር ነው ያለው፤ ታክሲ ቢይዝ ቅርብ ነው። ስንቅ ይዘው የሚመጡ ወንዶች ይመዘገባሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ይቀራሉ የሚል ወሬ ነበር። እንደፈራ ገብቶኛል። ቢገባኝም ንዴቴ አልበረደልኝም፤ ምክንያቱም የአስኮዋ ሴት ባል ይመጣ ነበር።

ከአስኮ ስለመጣች የአስኮዋ እንላታለን። ልብስ ነጋዴ ናት፣ ዝምተኛ። ባሏ በየቀኑ ራሱ የቀቀለውን ድንች ይልክላታል፤ ተልጦ፣ ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ ሚጥሚጣው በወረቀት ለብቻው ተጠቅልሎ። ስሟ ሲጠራ ሠርግ የተጠራች ይመስል ነጠላዋን አስተካክላ ትነሳለች። ያን ጊዜ ቅናት ያንጨረጭረኛል። ድንቄም ድንች፣ እላለሁ በሆዴ። ከሁሉም ሰው ሳህን እበላለሁ፤ የእሷ ጋ ስደርስ እጄን እሰበስባለሁ። ለምን አትበይም ስትለኝ ድንች ሆዴን ይነፋኛል አልኳት። የሰው ወርቅ አያደምቅ።

በዕድሜ የሁላችንም ትልቅ እማማ ነበሩ። አስም አለባቸው። ቤታቸው ሲፈተሽ ገመድ የተባለ ሁሉ ለምርመራ ተወስዶ፣ መድኃኒቱን እያተነነ የሚያስተነፍሳቸው ትንሽ ማሽን ያለ አዳፕተሩ ነበር አብሯቸው የመጣው። ማሽኑ አለ፣ መድኃኒቱ አለ፣ መብራቱም አለ። የሚያገናኛቸው ነው የጠፋው።

አንድ ቀን ምሳው ገና እንደቀረበ እማማን ትንፋሽ አጠራቸው። ከንፈራቸው ጠቆረ። ፖሊሷ መኪና ይምጣልን ብላ ደወለች፣ መኪና የለም ተባለች። ስልኩን ዘግታ ትንሽ ቆመችና ወንበር ላይ ወጥታ የካሜራዋን አዳፕተር ነቅላ አመጣችልኝ። ሶኬቱ ኮሪደሩ ላይ ስለነበር እማማን ደግፈን ወደዚያ አወጣናቸው።

«ልሰካው?» አለች።

«ቆይ፣ አይሰካ።»

ማሽኑን ገለበጥኩት። ከሥሩ የነበረው ጽሑፍ በአልኮል ሲወለወል ኖሮ ጠፍቷል። እንዲህ ዓይነቱ ማሽን ሱቄ መጥቶ ስለሚያውቅ አሥራ ሁለት ቮልት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የካሜራዋም አዳፕተር አሥራ ሁለት ይላል። ፕላስና ማይነሱ ግን እንደ ሠሪው ይለያያል። አንዱ ፕላሱን ከመሀል ያደርገዋል፣ ሌላው ከውጪ። አዳፕተሩ ላይ ምልክቱ የለም፤ ገመዱም አንድ ቦታ ተቆርጦ በፕላስተር ተቀጥሏል። ተገላቢጦሽ ከተሰካ ማሽኑ ይቃጠላል። ሌላ ማሽን የለንም።

በፖሊሷ ጥፍር መቁረጫ ብሎኖቹን ፈታሁ። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል በርሜል የመሰለ ትንሽ ዕቃ አለ፤ በማይነስ እግሩ በኩል ነጭ መስመር ይሰመርበታል። ያንን እግር በዓይኔ ተከትዬ ስሄድ መሰኪያው መሀል ካለችው መርፌ ጋር ተገናኘ። ማሽኑ ማይነሱን ከመሀል ነው የሚፈልገው። አሁን የቀረው አዳፕተሩ ነው፤ መለኪያዬ ደግሞ ሱቅ ቀርቷል። መለኪያ ያጣ ጠጋኝ ድንች ይጠቀማል። ሁለት የመዳብ ሽቦ ድንች ላይ ተሰክቶ ኮረንቲ ሲያልፍበት፣ የፕላሱ ሽቦ ዙሪያ አረንጓዴ ይሆናል።

ድንች ያለው የአስኮዋ ሳህን ውስጥ ነው።

«ድንች ስጪኝ» አልኳት።

አየችኝ። ሆድሽን አይነፋሽም ወይ አላለችም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አንዱን ግማሽ አንስታ መዳፌ ላይ አስቀመጠችው። ገና ሙቅ ነበር። ከአስኮ እዚህ ድረስ እንዳይቀዘቅዝ በስንት ጨርቅ ጠቅልሎት ይሆን ብዬ ቀናሁ። እማማ አጠገቤ እያጣጣሩ፣ እኔ ቀናሁ።

ከፖሊሷ አሮጌ የቻርጀር ገመድ ሁለት ሽቦ ላጥኩ። አንዱን የአዳፕተሩ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ከተትኩ፣ ሌላውን ከውጪ ጠመጠምኩ፤ የሁለቱንም ሌላኛ ጫፍ ድንቹ ላይ ተከልኩ። ፖሊሷ ሶኬቱ ላይ ሰካችው። የአስኮዋ ሴት እማማን ከጀርባቸው ደግፋ «ትንፋሹን ቀስ ብለው ያስወጡት፣ ቀስ ብለው» ትላቸዋለች። ትንሽ ቆይቶ በአንደኛው ሽቦ ዙሪያ አረንጓዴ ወጣ። ከመሀል የመጣው ሽቦ ነው። እንዳለ ብንሰካው ኖሮ አቃጥለነው ነበር።

አስነቀልኩት። የድሮውን ፕላስተር ፈትቼ ሁለቱን ገመዶች አቀያየርኩና መልሼ ጠቀለልኳቸው። ስንሰካው ማሽኑ አጉረመረመ፣ ከማስኩ ነጭ ጉም ወጣ። እማማ ሳቡት፣ ደግመው ሳቡት። ከንፈራቸው ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። መናገር ሲችሉ ማስኩን ገለጥ አድርገው፣ «አሁን ካሜራዋ አታየንም ማለት ነው?» አሉ። ፖሊሷ ፊቷን አዞረች፤ መሳቋን ግን ትከሻዋ አሳበቀባት።

በማግስቱ ምሳ ላይ ስሜ ተጠራ።

ጫማ ሳላደርግ ነው የተነሳሁት። ልቤ ዓለም ባንክ ደርሶ ተመለሰ። ሳህኑን ስከፍተው ድንች ነው፤ ሁለት ቦታ የተከፈለ፣ ሚጥሚጣው በወረቀት። ቀና ስል የአስኮዋ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። በእኔም ስም እንዲያመጣ ፖሊሷን ለምና ለባሏ እንዳስደወለች በኋላ ነው የሰማሁት። ሳህኑን ልመልስላት አሰብኩ። ሴቶቹ ግን ሁሉም እያዩኝ ነበር፤ ስሜ በመጠራቱ ፊታቸው በርቷል። ሳህኑን መሀል አስቀመጥኩና ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«ብሉ» አልኩ። «ባለቤቴ ልኮልኝ ነው።»

መጀመሪያ እጇን የዘረጋችው የአስኮዋ ናት። የገዛ ባሏን ድንች ሚጥሚጣ አስነክታ ጎረሰች፤ ቀምሳው የማታውቅ ይመስል በደንብ አላመጠችው።

«ባልሽ ባለሙያ ነው» አለችኝ።

እማማም እጁን መረቁት። እኔም በላሁ። ይጣፍጥ ነበር፤ እሱም አናደደኝ።

ከተፈታሁ ቆይቻለሁ። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ፈርቶ እንደነበር ነግሮኛል፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። በአስኮዋ ሴት ላይ ግን እስከ ዛሬ እቀናለሁ። ያኔ የምቀናው ባሏ ስለሚመጣ ነው። አሁን የሚያስቀናኝ ስሜን ለማስጠራት ያሰበችው እሷ መሆኗ ነው።

በቀደም እራት ላይ ባለቤቴ እዚያ ቤት ምን እንበላ እንደነበር ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ጠይቆኝ አያውቅም። ብዙውን ጊዜ ድንች ነበር አልኩት።

«ማን ያመጣልሽ ነበር?» አለኝ።

«አንተ» አልኩት።

ሳህኔን በራሱ ሳህን ላይ ደረበ። ከዚያ ተነስቶ ዕቃውን ማጠብ ጀመረ።