ፈንታነሽ የዘጋችው በር

ቢቸና ላይ ሰው ሲሞት ፈንታነሽን ሳያስጠራ የቀረ ቤት የለም። አልቃሽ ናት። የሟቹን ጠባይ፣ የእናቱን ሆድ፣ የሚስቱን ባዶ ጎን በግጥም ስታወርደው፣ እንባው የደረቀ ሰው እንኳ አልቅሶ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የራሷን ግን አልቅሳ አታውቅም። ሰማው የሚባለው ልጇ ባድመ ዘምቶ በዚያው ቀረ። ለሌሎቹ ወላጆች ሽማግሌ መርዶ ይዞ መጣላቸው፤ ለእሷ አልመጣም። መርዶ ሳይረዱ ማልቀስ ደግሞ ሰውን በቁሙ መግደል ነው። ባሏ አለበል፣ ልጁ ሲመጣ ቆሞ እንዳያንኳኳ ብሎ በሩ ማታ ማታ እንዳይቀረቀር አዘዘ። እሷም ዓመት ሄዶ ዓመት ሲተካ አፏን ይዛ ኖረች።

ሞጣ ያለው ወንድሟ ልጁ ሞተበትና ባልና ሚስቱ በአውቶቡስ ሄዱ። ፈንታነሽ ከሴቶቹ መካከል ቆማ ስለ ወንድሟ ልጅ ግጥም ማውረድ ጀመረች። ሬሳው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲነሳ ባየች ጊዜ ግን ያላሰበችው ከአፏ ወጣ።

የሰው ልጅ ተገኘ፣ አፈሩን ለበሰ፤
የኔው ግን አልሞተ፣ ቤቱም አልደረሰ።
በሩን ሳልዘጋ ነው ስጠብቅ የኖርኩት፤
ዛሬ ደከመኝና ልጄ ሆይ ዘጋሁት።

ከስንት ዘመን በኋላ ትንፋሿ እስከ ሆዷ ወረደ። የተናዘዘችው መድከሟን ነበር። ለቀስተኛው ግን መርዶ የደረሳት መሰለው፤ ከቀብር መልስ እየተነሳ አለበልን እግዜር ያጥናህ ይለው ጀመር።

አለበል ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ ወደ እሷ መጣ።

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ልጄን ለምን ቀበርሽው?»

«እኔ ደከመኝ ነው ያልኩት።»

 ሲመለሱ አለበል አውቶቡስ ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ።

ቢቸና ሲደርሱ ወሬው በሞባይል ቀድሟቸው ጎረቤት ድንኳን ተክሎ ጠበቃቸው። ሴቶቹ አቅፈዋት አለቀሱ፤ ከዚያ አንቺው አውርጂለት ብለው ቦታ ለቀቁላት። ሞቷል እንዳትል አልተረዳች፤ አለ እንዳትል በሩን ዘግታበታለች። ለሰው ሁሉ ልጅ ግጥም የነበራት ሴት አፏን ከፈተች፤ ምንም አልመጣላትም።

አለበል በድንኳኑ መካከል አልፎ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀመጠ። የበሩን መቀርቀሪያ ነቅሎ ጭኑ ላይ አጋድሞታል። እግዜር ያጥናህ ሊለው የቀረበውን ሁሉ ቀና ብሎ አላየውም።