ሰው ሳይሞት የተነፋው ጥሩንባ

ክረምት በተቃረበ ቁጥር አለበል ላይ አንዲት ሕልም ትመጣበታለች። ሚስቱ ንግሥቴ ከወንዙ ማዶ ቆማ አንድ ነገር ትለዋለች፤ ጉሙ እስከ ወገቧ ሸፍኗታል፤ ውኃው እየጮኸ ቃሏን ይወስድበታል። "ምን አልሽ?" ይላታል። ትስቃለች። ከዚያ ይነቃና የረሳው ነገር እንዳለው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲፈዝ ይውላል።

ንግሥቴ የሞተችው እዚያው ወንዝ ዳር ነው። ታማ በቃሬዛ ወደ ቡሬ ሐኪም ቤት ሲወስዷት ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ይጎድላል፣ ይጎድላል ሲሉ እሷ ቀድማቸው ሄደች። ጉዱ ደግሞ ምን መሰላችሁ? የእድሩ ጥሩንባ ነፊ አለበል ራሱ ነው። የገዛ ሚስቱን ሞት በገዛ ትንፋሹ ለአገር ተናገረ። ነፊ ሲነፋ ማልቀስ አይችልም፤ ትንፋሹ ይቆረጥበታል። ወይ ነዶ! እንዲህ ያለውን ለጠላትም አይስጥ።

ዘንድሮ ደግሞ ልጁ ያምሮት ነፍሰ ጡር ናት። የመውለጃዋ ወር ነሐሴ ነው፤ ወንዙ አብዶ የሚከርምበት ወር። ስለዚህ የመንደር ማኅበራትን የምትደግፈው ሠርክአዲስ በበጋው ከፍኖተ ሰላም መጥታ፣ "ሲሚንቶ፣ ብረትና ግንበኛ በእኛ፤ ድንጋይ፣ አሸዋና ጉልበት በእናንተ፤ የእግረኛ ድልድይ እንሥራ" ስትል፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የተነሣው አለበል ነበር።

መጀመሪያማ አገሩ ሁሉ ወጣ። ደቦ ነው፣ ዘፈን ነው፣ ጠላ ነው! ግንቦት ገብቶ የበቆሎ እርሻ ሲደርስ ግን አንድ በአንድ ቀሩ። ሠርክአዲስ ስብሰባ በጠራች ቁጥር መልሱ "እሺ፣ ነገ" ነው። የእኛ አገር "እሺ" መቼም ለጆሮ ትጣፍጣለች! በመጨረሻ እሷና አለበል ከግንበኛው ጋር ተፋጠው ቀሩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በግሽ ዓባይ በኩል ጠቆረ። የድልድዩ ምሰሶ የሚቆምበት ጉድጓድ አፉን እንደከፈተ ነው፤ ዛሬውኑ በድንጋይ ካልሞላ ጎርፉ ይደረምሰዋል።

"ጋሼ አለበል፣ ይቺ ዝናብ ከቀደመችን እኮ ለዘንድሮ አለቀልን" አለችው ሠርክአዲስ፤ እንባዋ መጥቷል።

አለበል ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ያምሮት ቃሬዛ ላይ ተኝታ ታየችው። በሕልሙ የሚሄድ ይመስል ቀስ ብሎ ቤቱ ሄዶ ጥሩንባውን ከተሰቀለበት አወረደ። ይህ ጥሩንባ ለሞት እንጂ ለሌላ ነገር አይነፋም፤ የእድሩ ሕግ ነው። ከወንዙ በላይ ካለው ጉብታ ወጥቶ ነፋው።

አገሩ ተገለበጠ። ወንዱ በሬውን ከነቀንበሩ ትቶ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ እየጮኸ ወንዝ ዳር ደረሰ።

"ማን ነው የሞተው?" አለ የእድሩ ዳኛ ባምላኩ፣ እያለከለከ።

"ንግሥቴ።"

"አንተ ሰው አብደሃል እንዴ? ንግሥቴማ ከሞተች ስንት ክረምቷ!"

"አውቃለሁ። እዚህች ላይ ነው የሞተችው። ያን ቀን አንድም ሰው አልቀረም፤ አልቅሳችሁ ቀበራችሁልኝ። ያምሮትን ግን በቁሟ ድረሱልኝ! ስትሞት ከሆነ የምትመጡት፣ ይቅርብኝ፣ አትምጡ!" አለ ወደ ጉድጓዱ እያመለከተ።

"ሟርተኛ!" ብሎ ባምላኩ ዱላውን ወረወረ። ሁሉም ሊማታ ነው ብሎ ነበር፤ እሱ ግን ጋቢውን ጥሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ታቀፈ። የቀረውም ሰው ተከተለው። ዝናቡ ሲወርድ ጉድጓዱ ሞልቶ ነበር።

በሳምንቱ እድሩ ተቀምጦ ፈረደ፤ ሰው ሳይሞት ነፍቷልና ጥሩንባው ተወስዶ ባምላኩ ቤት ይቀመጥ ተባለ። አለበል ሳመውና አስረከበ። ከፋው፤ ግን አልተከራከረም።

ድልድዩ ሐምሌ ላይ አለቀ። ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ጠዋት ያምሮትን ምጥ ያዛት። ባሏና ጎረቤቶች የተሸከሙት ቃሬዛ በድልድዩ ላይ አለፈ፤ ከሥር ወንዙ ያገሳል። ጉልበቱ መንገድ የማይችልለት አለበል ማዶ ሲሻገሩ አይቶ ተመለሰና ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ማዳመጥ ጀመረ። ክፉ ነገር ከመጣ በጥሩንባው ነው የሚሰማው፤ ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ሲያስደነግጥ የኖረ ሰው ዛሬ ተራው ደረሰ። የላሟም ድምፅ፣ የነፋሱም ፉጨት ጥሩንባ ጥሩንባ አለው። እንደተቀመጠ ሸለብ አደረገው። ንግሥቴ መጣች፤ ጉሙ የለም፤ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብላ እግሯን ታወዛውዛለች። "ምን አልሽ?" አላት። አሁንም ሳቀች።

ዓይኑን ሲገልጥ ባምላኩ በዝናቡ ውስጥ ወደ እሱ ይመጣል። ጥሩንባውን ይዟል።

አለበል የደጃፉን መቃን ጨበጠ። "ልጄን..." አለ።

"ወለደች! ባሏ ከቡሬ ደወለልኝ። ሴት ናት፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።"

"ታዲያ ይህን ምን ብለህ ይዘኸው መጣህ? ልትገድለኝ ነው?"

"ያን ቀን እኔን እንዴት እንዳደረግኸኝ እንድታውቃት ነዋ!" አለ ባምላኩ፤ "በል እንካ፣ ቦታው ስቀለው።"

ጥሩንባውን ጭኑ ላይ አኖረለትና አጠገቡ ተቀመጠ። አለበል መሳቅ ጀምሮ ነበር፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። ጥሩንባውን እንደታቀፈ፣ ያኔ ለንግሥቴ ያላለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ።