ከባዱ ጣውላ

በያጁን የሚያውቁት ሁሉ ፈሪ መሆኑን ያውቃሉ። እሱም አይክድም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራው የጀልባ ሥራ ነው፤ ጀልባ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ደንበኞቹ ሞተር አስገጥመው ሲያበቁ «ና እስቲ አንድ ዙር እንሂድ» ካሉት፣ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሌላ ሥራ እንደሚጠብቀው ይነግራቸዋል። ዋና አይችልም። ባልዲ ሙሉ ውሃ ሲያይ እንኳ ዞሮ ያልፋል ብለው ያሙታል፤ ይቺኛዋ ግን የተጨመረች ናት።

እውነቱን ለመናገር እንጀራው የወጣለት በዚሁ ፍርሃቱ ነው። በዚያ አካባቢ ያለው ውሃ ግማሹ ረግረግ ነው። ተራ ሞተር ጭቃና ሸምበቆ ውስጥ ገብቶ ስለሚታነቅ፣ ሰው የሚገዛው በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ክንፍ ይዞ ጭቃውን እያረሰ የሚሄደውን የጭቃ ሞተር ነው። ጉልበቱ ደግ፣ ክብደቱ ግን መከራ። ትንሿ የአሉሚኒየም ጀልባ ደግሞ የኋላ ግድግዳዋ ስስ ነው፤ ሞተሩን እንዲሁ ቢያንጠለጥሉባት እየተንቀጠቀጠ ይቀድዳታል። ሞተሩ እየሠራ ከተነቀለ ያ የሚሽከረከር ክንፍ በማን ላይ እንደሚዞር አይታወቅም። በያጁ ይህን ሁሉ አስቀድሞ በሐሳቡ ስለሚያየው ከውስጥ ወፍራም ጣውላ፣ ከውጭ ላሜራ ያደርግና ሁሉንም አንድ ላይ በቡሎን ይወጋል። ከዳዶው ሥር ሰፋፊ የብረት ሮንዴላ ያስገባል፤ በዳዶ ላይ ዳዶ ይደርባል። ባለጀልባውንም በየጠዋቱ ሞተሩን ጨብጦ ሳይነቀንቅ እንዳይነሳ ያስምለዋል። ሰዎቹ ይስቁበታል፤ ግን ይነቀንቃሉ።

አንዲት ልጅ አለችው፤ አዋላጅ ነርስ ናት። ከረግረጉ ማዶ ያሉትን እናቶች እንድታይ ስትመደብና ጀልባ ሲሰጣት እሷ ደስ አላት፣ እሱ እህል አልወርድልህ አለው። ሚስቱ ይህን አይታ ምጡ የያዘው አባትየውን ሳይሆን አይቀርም አለች። ሞተሩን የሚገጥምበት ቀን ሲደርስ ግቢው ውስጥ ያሉትን ጣውላዎች አንድ በአንድ እያነሳ መዘናቸው። ይሄ ቀለለ፣ ያም ቀለለ። ጎረቤቱ አናጢው ከግድግዳ ጋር ካስደገፋቸው መካከል አንዱን ሲያነሳ ግን ወገቡ እስኪንቋቋ ከበደው። ለልጄ የሚሆነው ይሄ ነው ብሎ ወሰደው። አናጢው ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዶ ስለነበር የሚጠይቀው ሰው አልነበረም። ቡሎኖቹን እንደዚያ ቀን አጥብቆ አያውቅም። ሞተሩ ቢነቀል የሚይዘውን ሰንሰለትም፣ ለክፉ ቀን ብሎ፣ እዚያው ጣውላ ላይ አሰረው።

ከዚያ በኋላ ፀሐዩ በረታ። አናጢውም ከሄደበት ተመለሰና ሻንጣውን ሳያወርድ ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ጣውላዬን ምን በላው አለ። በያጁ እየሳቀ፣ ለልጁ ጀልባ እንደወሰደውና ዋጋውን እንደሚከፍለው ነገረው።

አናጢው ግን አልሳቀም። «እሱን እኮ ከውሃ ውስጥ አውጥቼ እንዲደርቅ ነው ያስደገፍኩት» አለው።

በያጁ እዚያው የነበረ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠ። እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ ይኮማተራል። ማንም ሳይነካው ቡሎኑ ይላላል፤ እንኳን ሌላው፣ ዳዶ የተደረበበትም ይላላል። የከበደው ጥንካሬ ሳይሆን ውሃ ኖሯል! ይህን ያህል ዘመን እንጨት በእጁ ሲያልፍ ኖሮ ሊያውቀው ሲገባ፣ ፍርሃቱ ዓይኑን ጋርዶት ውሃ አሸክሞ ሰደዳት። ልጁ ደግሞ ጠዋት ተሻግራለች። ስልኳን ቢሞክር አይሠራም፤ ከሸምበቆው ማዶ ስልክ የሚባል ነገር የለም።

ወደብ ላይ የተገኘው አንድ ዓሣ አጥማጅ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ «ቀስ በል» ይለዋል፤ አብሮት የተሳፈረ ሁሉ ይህንኑ ሲጮህበት ስለሚውል ስሙ ሆኖ ቀረ። በያጁ የቡሎን ቁልፉን ይዞ ዘሎ ሲገባ ዓሣ አጥማጁ ዓይኑን ማመን አቃተው።

«ፍጠን» አለው በያጁ።

ውሃው ፊቱን ሲገርፈው፣ ጀልባዋ ከፊቷ ብድግ ስትል፣ ጠርዟን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ፈራ። ለራሱም ፈራ፤ ይህንንም አይክድም። ግን ዓይኑን ከሸምበቆው መሐል ካለችው ጠባብ መንገድ አልነቀለም። የተገለበጠ ነገር፣ የሚንሳፈፍ ነጭ ጋውን ይፈልግ ነበር።

ልጁን ያያት በሕይወት፣ ቁጭ ብላ ወደ እነሱ ስትመጣ ነው። ብድግ ብሎ ሁለት እጁን አወናጨፈ፤ አጥፊው፣ አጥፊው እያለ ጮኸ። ልጅቷ ድምፁን አልሰማችም። ያየችው አባቷን ነው፤ ያ ውሃ የሚፈራው አባቷ ውሃ መሐል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ቤት ውስጥ ሰው ቢሞት እንጂ በሌላ አይመጣም። ስለዚህ ነዳጁን ሰጠችው። ሞተሩ አገሳ፤ በያጁም ሞተሩ ከነጣውላው ወደ ግራ ሲዘም፣ ተመልሶም ወደ ቀኝ ሲዘም በዓይኑ በብረቱ አየ።

እሱ በጮኸ ቁጥር እሷ ትፈጥናለች። ያኔ ነው የገባው። ዓሣ አጥማጁን ሞተሩን አስጠፋው። ተቀመጠ። ክርኑን ጀልባዋ ጠርዝ ላይ አስደገፈና፣ ለሽርሽር እንደወጣ ሰው፣ ለልጁ ፈገግ አለላት። ልቡ ጎኑን እየደበደበው፣ ከንፈሩ እየደረቀ፣ ፈገግታውን አልለቀቀውም። በዕድሜው እንደዚያ ያለ ከባድ ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

ልጅቷ ቀዝቀዝ አደረገችው። ሞተሩም ጠፋ።

«እማዬ ምን ሆነች?» አለች ገና ሳትደርስ።

እናቷ ደህና መሆኗን፣ የመጣው ለሞተሩ መሆኑን ነገራትና በደረቱ እየተሳበ ወደ እሷ ጀልባ ተሻገረ። የላይኛውን ዳዶ ሲነካው በሁለት ጣቱ ዞረለት። አንዱ ቡሎን ጭራሽ ወጥቶ ወድቋል። ከኪሱ ሌላ አውጥቶ ገጠመ፤ ሁሉንም ክንዱ እስኪዝል አጠበቀ። ላቡን እየጠረገ፣ ጠዋት ጠዋት ነቅንቀሽው አታውቂም ወይ ብሎ ጠየቃት። ደንበኛው ሁሉ የሚያደርገውን፣ ያስማለበትን ነገር።

ልጅቷ በጥያቄው ተገረመች። «አንተ የሠራኸውን?» አለችው።

በያጁ ዓሣ አጥማጁን ተመለስ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠውና እዚያው ሞተሩ ሥር ተቀመጠ። ጣውላው ገና አልደረቀም፣ ቤት ስንደርስ ይቀየራል፣ እስከዚያው ቀስ በዪ አላት። ደግሞም፣ እኔን አምነሽ አትነሺ፣ ነይ በገዛ እጅሽ ሞክሪው ብሎ ለመናት።

«ካጠበቅከው አጠበቅከው፣ አባዬ» አለችና ሞተሩን አስነሳች። ፊቷን ወደ ውሃው መለሰች፤ ጀርባዋን ለሞተሩ ሰጥታ፣ አንዴም ዞር ብላ ሳታይ ነዳችው። በያጁ ጣውላውን በሁለት እጁ ጥምጥም አድርጎ ያዘ። እንዲያ ፈርቶ አያውቅም።