ጫማዬን አውልቄ የገባሁበት ጠጠር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ነው። ሳስታውሰው አሁንም በኀፍረት ፊቴ ይግላል። ግን ያ ቀን ባይኖር ልጄ ምን ትሆን ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ልጄ ማህሌት ሃያ ዓመቷ ነው። እዚሁ ካናዳ፣ ካልጋሪ የልብስ ዲዛይን ትማር ነበር። ከፋሲካ በፊት መምህሯ "ሥራሽ ውስጥ አንቺ የለሽበትም" አላት። ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ተወችው። ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ባለው ቤታችን ክፍሏን ዘግታ ተኛች። አትበላ፣ አታወራ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ እንዲህ ያለውን ሕመም ምን እንደሚሉት እንኳ አላውቅም ነበር። ብቻ ፈራሁ። ቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ ለቅሜ በቦርሳዬ ይዤ ነበር ሺፍት የምገባው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከካልጋሪ ሁለት ሰዓት ተነድቶ የጃፓኖች ጋርደን እንዳለ፣ ጭንቀትም እንደሚያቀል ነገረችኝ። እኔ መንዳት አልችልም። "እባክሽ አድርሺኝ፣ እኔ ነኝ ማየት የፈለግኩት" ብዬ ልጄን ለመንኳት። እንደምንም ተነሳች። ነድታ ወሰደችኝ።

ቦታው ጸጥ ያለ ነው። ኩሬ አለው፣ ድልድይ አለው፣ ዛፉ ሁሉ ተከርክሟል። የእኔ ዓይን ግን እሷ ላይ ነበር። ሽንት ቤት ደርሼ ስመለስ አጣኋት። "ማሂ! ማሂ!" እያልኩ ስዞር፣ ነጭ ጠጠር ከተነጠፈበት ሰፊ ቦታ ማዶ አቀርቅራ ተቀምጣ አየኋት።

ጠጠሩ ዳር ሰዎች ዝም ብለው ቆመዋል። የሚጸልዩበት ቦታ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ በእጄ ያዝኩ፣ አማተብኩ፣ ከዚያ በመሃሉ አቋርጬ ወደ ልጄ ሄድኩ።

ሰው ሁሉ ተንጫጫ። ልጄ ቀና አለች።

"ማሚ! ስቶፕ! እንዳትንቀሳቀሺ!"

ክው ብዬ ቆምኩ። ዞር ብዬ ባይ፣ ለካ ጠጠሩ እንደ ሹሩባ መስመር በመስመር ተበጥሮ የተሠራ ነው! እኔ በባዶ እግሬ አርሼዋለሁ።

ቦታውን የሚንከባከቡት ሽማግሌ ጃፓናዊ መጡ። ያዋርዱኛል ብዬ ስጠብቅ እግሬን አዩ፣ በእጄ የያዝኩትን ጫማ አዩና ጎንበስ ብለው እጅ ነሱኝ። በእንግሊዝኛ አንድ ነገር አሉ።

"ምን አሉ?" አልኳት።

"ስንቱ ከነጫማው ሲረግጠው ጫማ አውልቆ የገባ አይቼ አላውቅም ነው የሚሉት።" ይህን ስትል ሳቋ አመለጣት። "ኦ ማይ ጋድ፣ ማሚ! ቤተ ክርስቲያን መሰለሽ?"

"ታዲያ ምን ልበል? ሰው ሁሉ ዝም ብሏል!"

ከፋሲካ ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ሽማግሌው ዱካዬን ሊያስተካክሉ መበጠሪያቸውን ሲያነሱ "ፕሊስ፣ ዋን ሚኒት" አለቻቸው። የመግቢያ ቲኬቷ ጀርባ ላይ መሳል ጀመረች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ይመጣና ዱካዬ ጋ ሲደርስ ይሰበራል፣ አልፎት ደግሞ ይቀጥላል። ሽማግሌው ቆመው ጠበቋት። እኔም መሃል ላይ ተገትሬ ጠበቅኩ። ፀሐዩ አናቴን፣ ጠጠሩ እግሬን ይፈጀኛል። ብትፈልግ እስኪመሽ እቆምላት ነበር።

ያን መስመር በኋላ ቀሚስ ላይ ጠለፈችው። ወደ ትምህርቷ ተመልሳለች፣ ሐኪምም ታያለች። ፍርሃቴ ግን ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ድምፅዋ ከጠፋ በሯ ላይ ጆሮዬን እለጥፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት "መቀሴን የት አደረግሽው? ሥራዬን አትንኪብኝ አላልኩም?" ብላ ጮኸችብኝ። እኔ መቀሷን አላየሁትም። "ይቅርታ የኔ እናት" ብያት ኩሽና ገባሁና በደስታ አለቀስኩ።