ፈንጣጣ የገባበት ቤት ደንብ

ያን ቀን መንደራችን ድብ ባሕር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በታች ካለው ወይራ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፤ ጭቃ ሹሙ፣ የደብሩ አለቃ፣ ከጎንደር በማኪና የመጣው የጤና ሠራተኛ፣ ባሌ፣ ጌሾ የምትነግደው ጎረቤቴና እኔ፤ የቀረው የአገሬው ሰው ነው። የስድስት ዓመት ልጄ አልነበረችም። ሦስት ቀን አተኩሷት፣ ጠዋት ግንባሯ ላይ ሽፍታ አየሁ። ለባሌም ሳልናገር፣ ፈንጣጣ ወጥቶላት ለዳነች እናቴ አደራ ብዬ ነው የመጣሁት።

ጭቃ ሹሙ ከወረዳ የመጣውን ወረቀት አስነበቡ። ፈንጣጣ የወጣበት ሁሉ ከወንዝ ማዶ በሚሠራ ጎጆ ለብቻው ይቀመጥ፣ የደበቀም ይቀጣ ይላል። መክራችሁ ፈርሙ ተባልን።

«ምነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው በሽተኛ የማንጠይቀው?» አለች ጎረቤቴ።

«አንቺ በሽተኛ የምትጠይቂው ጠላው እንዳያልፍሽ ነው» አሏት ጭቃ ሹሙ።

«አንቱ ቤት ብጠይቅማ ውኃም አላገኝ፣ አያ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ልጄን ብቻዋን ከወንዝ ማዶ ጅብ ሲጮህባት ነበር የሚታየኝ።

የጤና ሠራተኛው በሽታው በትንፋሽና በልብስ እንደሚተላለፍ፣ አንዴ የወጣለትን ሰው ግን ዳግመኛ እንደማይዘው አስረዳ። አለቃው «በሽተኛ መጠየቅ የወንጌል ቃል ነው፤ እንዴት ብለን እንከልክል?» አሉ። ነገሩ ተካረረ። ሰው ሊበተን ሲል ተነሣሁ።

«እኛ ሴቶች ወንድ ስንወልድ አርባ፣ ሴት ስንወልድ ሰማንያ ቀን ከቤተ ክርስቲያን እንቀራለን፤ ታሰርን ብለን አናውቅም። ይኸም እንደ አራስ ቤት ይሁን። በሽተኛው ከቤቱ አይውጣ፤ ፈንጣጣ ወጥቶለት የዳነ ያስታምመው። ጎረቤት ምግቡን ደጅ አኑሮ ይመለስ።»

«ሸጋ ነው» አሉ አለቃው። «ከደጅ የጠየቀም ጠይቋል።»

«ወረዳው የጻፈውን ማን ይሰርዛል?» አሉ ጭቃ ሹሙ።

«የመንግሥት አዋጁ በሽተኛው ይለይ ብቻ ነው የሚለው» አለ የጤና ሠራተኛው። «የወንዙን ማዶ የጨመረው ወረዳው ነው። ለእነሱ እኔ እጽፋለሁ።»

እዚያው ደንቡን ጻፈ፤ ጭቃ ሹሙና ሽማግሌዎቹም በአውራ ጣታቸው አተሙ። ቀለሙ ሳይደርቅ «እንግዲያው ከኔ ቤት ጀምሩ» አልሁ። ባሌ ዞሮ አየኝ።

«ለዚህ ኖሯል ሕግ አዋቂ የሆንሽው» አሉኝ ጭቃ ሹሙ። ያተሙትን ግን አላፈረሱም።

የጤና ሠራተኛው ፈንጣጣ ያልወጣለትን ሁሉ ከተበ፣ ባሌንም ጭምር። ባሌ ወንድሙ ቤት ሰነበተ፤ እኔ ግን ድሮ ስለወጣልኝ ከልጄ አልተለየሁም። ጎረቤቴም በልጅነቷ ስለወጣላት መግባት ትችል ነበር። እሷ ግን «ደንብ ደንብ ነው» ብላ ሽሮውን ደጅ ታኖርና የገበያውን ወሬ ከአጥሩ ውጭ ሆና ትጮኽልን ነበር። ልጄ ከቁርበቷ ላይ ሆና ትስቅ ነበር። ዳነች፤ ከመንደራችንም ሌላ ሰው አልታመመም። ዛሬ እሷም የልጆች እናት ናት።

ጎረቤቴ ባሏ ሲሞት ልጇ ዘንድ፣ ትክል ድንጋይ ከተማ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ፣ ደኅና መሆኗን ጠይቆ ይንገረኝ።