መድኃኒቱን የተወበት ሱባኤ

እናቴ የደወለችልኝ እሑድ፣ ከቅዳሴ ተመልሸ ነጠላዬን ገና ሳላጥፍ ነው። እኔ ጅጅጋ ነኝ፤ በመምህርነት ተመድቤ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። እሷ ከባሕር ዳር በጀልባ በሚደረስ አንድ ገዳም፣ ከወንድሜ ጋር ሱባኤ ይዛ ጸበል ላይ ነበረች።

«እልል በይ!» አለችኝ። «ወንድምሽ መድኃኒቱን ትቶታል። ሳምንቱ ነው፤ ጸበሉን ብቻ ይዟል።»

እልል አላልሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

«ማን ተው አለው?»

«እኔም፣ እሱም። ጸበል ተጠጥቶ በላዩ ክኒን? እምነት ማጉደል መሰለን።»

ወንድሜን በሽታው የጀመረው ኮሌጅ እያለ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ነበር፤ ጎረቤት ሊገድለኝ ነው እያለ በር ዘግቶ ይውላል። የተለያየ መድኃኒት ተሞክሮ አልያዘለትም። በመጨረሻ ሐኪሙ ክሎዛፒን የሚባለውን ሰጠው። ቀስ በቀስ ድምፁ ራቀለት፤ ሥራ ያዘ፤ ከእናቴ ጋር ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመረ። ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ወፈረ፤ ሆዱ ይደርቅበታል፤ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ምራቁ ትራሱን ያርሰዋል። ማኅሌት ላይ ቆሞ ሲያንቀላፋ ሰው ሲስቅበት ማየት ለእናቴ ከባድ ነበር። ይገባኛል።

«ታዲያ ደህና ነው?» አልሁ።

ድምጿ ተለወጠ። «እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ከትናንት ጀምሮ ሐይቁ ዳር ቆሞ ብቻውን ያወራል። እንዲያው ፈራሁና ክኒኑን ከስንቄ መሐል አወጣሁት። ያመለጠውንም ደርቤ ልሰጠው ነው።»

«እማዬ፣ አንዲት እንኳ እንዳትሰጭው!»

«ቅድም ለምን ተወ ብለሽ ትቆጫለሽ፣ አሁን ደግሞ አትስጭው! የቱን ልያዝልሽ?»

እውነቷን ነው፤ ግራ ያጋባል። ሐኪሙ ሲያስረዳ ግን እኔ አጠገቡ ነበርሁ። ከሁለት ቀን በላይ ከተቋረጠ ራሳችሁ እንዳትጀምሩት፣ ሰውነቱ ለምዶት የነበረውን ይረሳል፣ በድሮው መጠን ቢወስድ ግፊቱ ወርዶ ሊወድቅ፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ልቡም ሊቆም ይችላል ብሎናል። ይህንኑ ነገርኋት።

የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋው ኖሮ፣ ከኋላዋ ወንድሜ ሲስቅ ሰማሁ። «የሳምንቱን በአንድ ጉርሻ ልታጎርሰኝ ነበር!»

አንዲት ጸበልተኛ ጣልቃ ገባች። «መድኃኒት የሚውጥ ከሆነማ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«አንችስ መነጽርሽን አድርገሽ አይደል ዳዊት የምትደግሚው?» አላት ወንድሜ።

ሳቁን ስሰማ ገና እንዳልራቀን አወቅሁ። እናቴ ግን ሱባኤው ሳይፈጸም አልወጣም አለች፤ ስለት ነው፣ አፍርሸው ብሄድ ይብስበታል ብላ። እኔም ከእሷ ጋር መከራከሩን ትቸ ሱባኤውን ያስያዟቸውን የገዳሙን አባት አገናኝኝ አልኋት።

«አባቴ፣ ይፍቱኝ።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምንድን ነው ልጄ?»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኋቸው። «መድኃኒቱን ተው ብየ እኔ አላዘዝሁም» አሉ። «ሱባኤውን እኔ እፈታዋለሁ፤ ጸበሉን በጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። እግዚአብሔር በሐኪም እጅ አይሠራም ያለው ማነው?» ከዚያ ስልኩን እንደያዙ ባለ ጀልባውን ሲጣሩ ሰማሁ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ደረሱ። ሐኪሙ ከክኒኑ ትንሽ ቁራሽ አስጀመረው፤ ግፊቱን እየለካ ቀስ እያለ ከፍ አደረገለት። ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ግን ብዙ ተሠቃየ። ፈቃድ ጠይቄ ሄድሁ፤ አጠገቡ ተቀምጨ ሳለሁ አንዴ አላወቀኝም፣ አንዴ ደግሞ እናታችንን አትቆጫት አለኝ። አልተቆጣኋትም። ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን ክኒኑ ማታ ከራት በኋላ እንዲሆን አደረግን፤ ጾሙ አይፈርስበትም፣ የሚተኛውም ያኔ ነው። አሁን እናቴ ራሷ ጸበሉን አጠጥታ ክኒኑን በእጇ ትሰጠዋለች።

ዘንድሮም እዚያው ሱባኤ ሊገባ ነው። አልከለከልሁትም፤ እኔም ብሆን ያለ ጸሎት የሚድን አይመስለኝም። ያን እሑድ ጸበሉ ላይ የነበራችሁና ዘንድሮም የምትገኙ ጸበልተኞችን ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ይህ መድኃኒት አልፎ አልፎ በሽታ የሚከላከለውን የደም ሕዋስ በጣም ያሳንሳል፤ ደሙ በየጊዜው የሚመረመረው ለዚህ ነው። እንግዲህ ጉሮሮዬን አመመኝ ካለ ወይም ገላው ካተኮሰ፣ የሐይቁ ብርድ ነው፣ መንፈሱ ሊለቀው ነው አትበሉ። ጸበል አፍስሱለት፣ ጸልዩለት፤ በዚያው ቀን ግን ጀልባ ላይ አሳፍሩት። እኔ ሩቅ ነኝ። እናቴ ብታመነታ እናንተ አታመንቱብኝ።